«ነግሬው ነበር»፦ የደንበኛ ትእዛዝ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ

(የመግቢያ ሙዚቃ)

የዛሬው ትምህርታችን እርሳስና አንድ ባዶ ወረቀት ይፈልጋል። ወረቀቱን አግድም አስተኙት። መኪና እየነዳችሁ የምታዳምጡን ጆሯችሁን ብቻ አውሱን፤ ሥዕሉን ማታ ቤት ስትገቡ ትደርሱበታላችሁ።

ርእሳችን የሥራ ድርሻ ነው። አንድ ደንበኛ ስልክ ደውሎ ሥራ ካዘዘበት ደቂቃ አንስቶ የመጨረሻውን ክፍያ ፈጽሞ እስኪሸኝ ድረስ ትእዛዙ በስንት ሰው እጅ ያልፋል? እያንዳንዱስ ምን ተረክቦ ምን ያስረክባል? ይህን በአንድ ገጽ ላይ አስፍሮ ማየት እንዴት እንደሚቻል እንማማራለን። ለምሳሌነት የመረጥነው የግቢ ማስዋብ ሥራን ነው። በዚህ ሥራ ሰዎች የሚረካከቡት ዕቃ ሕይወት አለው። ሲሚንቶ ቢዘገይ መጋዘን ያድራል፤ ሳርና ችግኝ ግን ስብሰባ እስኪያልቅ አይጠብቁም።

እስቲ አንድ ድርጅት በምናባችን እናቋቁም። አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ሳር ይተክላል፣ አበባና ዛፍ ያቀርባል፣ የእግር መንገድ በድንጋይ ያነጥፋል። ጥቂት ቋሚ ሠራተኞች፣ በሥራው ልክ የሚጠሩ የቀን ሠራተኞች፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ደግሞ አንዲት የችግኝ ጣቢያ አለው። ሠራተኞቹ ጎበዞች ናቸው። ይህን ያዙልኝ፤ ጎበዞች ናቸው።

አሁን ደንበኛችን ይምጡ። በጥር ወር ልጃቸውን የሚድሩ እናት ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ 120 ካሬ ሜትር ባዶ መሬት አለ። ለሰርጉ አረንጓዴ ሆኖ እንዲያዩት ይፈልጋሉ። ደወሉ፤ ሰው መጥቶ ለካ፤ ዋጋ ተነገራቸው፤ ቀብድ ከፈሉ። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሳር የጫነ አይሱዙ በራቸው ላይ ቆመ። ፎርማኑ አምስት ሠራተኞች አስከትሎ ገባ። መሬቱ ተቆፍሮ ተደልድሏል፤ የቀረው ማጠጣትና መትከል ነው። ፎርማኑ ቧንቧውን ከፈተው። ቧንቧው አንዴ አየር ተፋና ዝም አለ።

«እትዬ፣ ውሃው ሄደ እንዴ?»

«የኛ ፈረቃ ማክሰኞና ዓርብ ነው ልጄ። ለዚያ መጥቶ ለለካው ልጅ ነግሬው ነበር።»

ፎርማኑ ለለካው ባለሙያ ደወለ። «ለሽያጭ ነግሬያት ነበር» አለው። ለሽያጭ ሠራተኛዋ ደወለ። «ለግዢው ነግሬው ነበር» አለችው። ለግዢ ሠራተኛው ደወለ። የግዢ ሠራተኛው መልስ የዛሬው ትምህርታችን ቁልፍ ስለሆነ በደንብ ስሙት፤ «ውሃ በፈረቃ ነው ማለቷን ሰምቻለሁ። ቦቴ እዘዝ ግን አላለችኝም።»

አያችሁ አድማጮቻችን? ማንም አልዋሸም። ማንም አልሰነፈም። ወሬው ከደንበኛዋ ተነሥቶ በሦስት ሠራተኞች ጆሮ አልፏል፤ ቦቴውን ያዘዘ ግን የለም። አይሱዙው ላይ የተከመረው ሳር ደግሞ ከውስጥ መሞቅ ይጀምራል። ተነቅሎ የተቆለለ ሳር በተነሣ በአንድ ቀን ውስጥ መሬት ካልነካ ቢጫ እየሆነ ይሄዳል። የጥር ፀሐይ ናት፤ ዝናብ አይታሰብም።

የዚህ ድርጅት ችግር በአንድ አጭር ቃል ይጠቃለላል፤ መንገር ማስረከብ አይደለም። «ነግሬው ነበር» የሚል ቃል በሰማችሁበት ቦታ ሁሉ ባለቤት ያጣ ሥራ አለ።

(አጭር ሙዚቃ)

ተመልሰናል። አሁን እርሳሱን አንሡ።

በወረቀቱ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ አግድም መስመሮች አስምሩ፤ ስድስት ረድፍ ይውጣችሁ። የመዋኛ ገንዳ አይታችሁ ከሆነ ዋናተኞቹ እንዳይጋጩ በተንሳፋፊ ገመድ የተለያየ መስመር አላቸው። ይህም ሥዕል ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው፤ የዋና መስመር ካርታ ይባላል። ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። እያንዳንዱ ረድፍ ደግሞ የአንድ ድርሻ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፍራንክ እና ሊሊያን ጊልብሬዝ የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት ሥራን ደረጃ በደረጃ በሥዕል የማሳየትን ዘዴ ለአሜሪካ የሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ ገሪ ረምለር እና አለን ብራች የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች ባሳተሙት መጽሐፍ አንድ ነገር አስተዋሉ። የመሥሪያ ቤት መዋቅር ሲሣል ኃላፊዎቹ በሳጥን በሳጥን ይቀመጣሉ፤ ሥራ የሚበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሳጥኖቹ መካከል ባለው ነጭ ቦታ ላይ ነው አሉ። የእኛም ቦቴ የጠፋው እዚያ ነጭ ቦታ ላይ ነው።

እንቀጥል። የመጀመሪያውን ረድፍ ለማን እንስጠው? ብዙ ሰው «ለሥራ አስኪያጁ» ይላል። አይደለም። የላይኛው ረድፍ የደንበኛዋ ነው። ደንበኛ ከፍሎ ዝም ብሎ የሚጠብቅ ሰው አይደለም፤ ሥራ አለበት። ምን እንደሚፈልግ ይናገራል፣ ንድፉን ያጸድቃል፣ ቀብድ ይከፍላል፣ በር ይከፍታል፣ ውሃ ያቀርባል፣ ሥራው ሲያልቅ አይቶ ይረከባል። ደንበኛን ከካርታው ያስወጣ ድርጅት የደንበኛውን ሥራ ማን እንደሚሠራ አያውቅም።

ሁለተኛው ረድፍ የሽያጭ ነው፤ ስልክ የሚያነሣው፣ መዝገብ የሚከፍተው፣ ፕሮፎርማ የሚሰጠው፣ ውል የሚያስፈርመው። ሦስተኛው የንድፍ ባለሙያው ነው። አራተኛው የሂሳብ ክፍሉ። አምስተኛው የግዢና የችግኝ ጣቢያው። ስድስተኛው ፎርማኑና የመስክ ቡድኑ ናቸው።

በረድፎቹ ላይ የሰው ስም አትጻፉ፤ የድርሻ ስም ጻፉ። በትንሽ ድርጅት ውስጥ አንድ ሰው ሽያጩንም ሂሳቡንም ግዢውንም ሊይዝ ይችላል። እንዲያም ቢሆን ረድፎቹ ሦስት ይሁኑ። ነገ ድርጅቱ አድጎ ሰው ሲቀጠር የትኛው ረድፍ ተቆርጦ እንደሚሰጠው ካርታው ራሱ ይናገራል።

አሁን ምልክቶቹን እንያዝ። አራት ይበቁናል። ክብ መጀመሪያና መጨረሻ ነው። ሳጥን የሚሠራ ሥራ ነው። እንደ አልማዝ በጫፉ የቆመ አራት ማዕዘን «አዎ» ወይም «አይ» የሚባልበት ውሳኔ ነው። ቀስት ደግሞ ሥራው ወዴት እንደሚሄድ ያሳያል።

በደንበኛዋ ረድፍ ክብ እናድርግ፤ ስልክ ደወሉ። ቀስቱ ወደ ሽያጭ ይወርዳል፤ ሳጥን፤ ትእዛዙ ተመዘገበ። ወደ ንድፍ ባለሙያው ይወርዳል፤ ሳጥን፤ ቦታው ታየ፣ ተለካ። ንድፉና የዕቃው መጠን ተሠርቶ ወደ ሽያጭ ይመለሳል፤ ፕሮፎርማ ተዘጋጀ፣ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስም ተጽፎበት። ወደ ደንበኛዋ ይወጣል፤ አልማዝ፤ ተስማሙ ወይስ አልተስማሙም? «አይ» ካሉ ቀስቱ ወደ ንድፍ ይመለሳል። «አዎ» ካሉ ውል ይፈረማል፣ ቀብድ ይከፈላል፣ ሂሳብ ክፍሉ ገንዘቡ መግባቱን ያረጋግጣል። ከዚያ የንድፍ ባለሙያው የዕቃውን መጠን ለግዢ ያስተላልፋል፤ ግዢና ችግኝ ጣቢያው ዕቃውን ያዘጋጃል፤ ፎርማኑ ቡድኑን ይዞ ይወጣል፤ ሥራው አልቆ ርክክብ ይደረጋል፤ ቀሪው ክፍያ ተፈጽሞ ደረሰኝ ይቆረጣል። መጨረሻ ክብ።

ሳጥኖቹን ሣልን። ቀላል ነው አይደል? አሁን ከሳጥኖቹ ዓይናችሁን አንሡና ቀስቶቹን ብቻ ተመልከቱ። በተለይ ከአንድ ረድፍ ወደ ሌላ ረድፍ የሚሻገሩትን በቀይ ቀለም አክብቡልኝ። ትምህርታችን ያለው እዚያ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን በ10 ሺህ ሜትርና በማራቶን እንታወቃለን፤ በዱላ ቅብብል ግን ስማችን እምብዛም አይነሣም። በ4 በ100 ሜትር የዱላ ቅብብል ዱላው መተላለፍ ያለበት 30 ሜትር ርዝመት ባለው ክልል ውስጥ ነው። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ የአሜሪካ የወንዶች ቡድን በዓለም ፈጣን የሚባሉ ሯጮችን ይዞ ቀረበ፤ በአንድ ቅብብል ዱላው ከክልሉ ውጭ ተላልፎ ከውድድሩ ተሰረዘ። ሯጮቹ ፈጣኖች ነበሩ። የእኛም ድርጅት ሠራተኞች ጎበዞች ናቸው ብዬ አልነበር? ጉብዝና በሳጥኑ ውስጥ ነው፤ ኪሳራ በቀስቱ ላይ።

ስለዚህ በቀይ ባከበባችሁት እያንዳንዱ ቀስት ላይ ሦስት ነገር ጻፉ። አንደኛ፣ ምን ይተላለፋል? ሁለተኛ፣ እስከ መቼ? ሦስተኛ፣ ተቀባዩ መረከቡን በምን ያሳያል?

ከንድፍ ባለሙያው ወደ ግዢ የሚሄደውን ቀስት በቅርበት እንየው። ባለሙያው «120 ካሬ ሳር ነው» ብሎ ቢያስተላልፍ ምን ይሆናል? መሬቱ ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጥሩ አፈር መነጠፍ አለበት እንበል። 120 ሲባዛ በ0.15፣ 18 ሜትር ኩብ ይመጣል። ገልባጩ በአንድ ጊዜ 16 ሜትር ኩብ የሚይዝ ከሆነ አንድ ጉዞ አይበቃም፤ 2 ሜትር ኩብ ይጎድላል። ይህን ስሌት ማን ይሠራል? ባለሙያው «ግዢ ያሰላዋል» ካለ፣ ግዢውም «ንድፍ ይነግረኛል» ካለ፣ ጉድለቱ የሚታወቀው ፎርማኑ አካፋ ይዞ ሲቆም ነው። ቀስቱ ላይ «ስፋት፣ ውፍረት፣ ሜትር ኩብ፤ በወረቀት፤ ከሥራው ሦስት ቀን በፊት» ተብሎ ከተጻፈ ግን ጉድለቱ የሚታወቀው ቢሮ ውስጥ ነው።

ውሃውም እንዲሁ ነው። አንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ ማለት አንድ ሊትር ነው። አዲስ የተተከለውን ሳር በቀን 5 ሚሊ ሜትር እናጠጣው ብንል 120 ሲባዛ በ5፣ በቀን 600 ሊትር ይሆናል። እናትየው ግቢ ውስጥ ያለው ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ነው እንበል፤ እሱም ሰርግ የሚደገስበትን ቤት የሚያጥብ፣ የሚያበስል፣ እንግዳ የሚያስተናግድ ነው። ሳሩ ብቻውን በሁለት ቀን ውስጥ ይጨርሰዋል። ስለዚህ «ውሃ አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ የጨዋታ ጥያቄ አይደለም። ቦታው ሲለካ የሚሞላ ቅጽ ላይ ሊኖር ይገባል፤ ፈረቃው የትኞቹ ቀናት ነው፣ ታንከሩ ስንት ሊትር ነው፣ ቦቴ በየትኛው በር ይገባል፣ መኪናውስ በሩን ያልፋል? የበሩን ስፋት ሳይለኩ ገልባጭ የሚልኩ አሉ። አፈሩ አስፋልት ዳር ይራገፍና በእጅ ጋሪ ሲመላለስ ይዋላል፤ የቀን ሠራተኛው ክፍያ ግን ያው ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ካርታው ላይ አንድ ነገር ይጨመር። ለእያንዳንዱ ሳጥን አራት ጥያቄ እንጠይቅ። ማን ይሠራዋል? ማን ይጠየቅበታል? ከመሠራቱ በፊት ማን ይማከራል? ከተሠራ በኋላ ማን ይነገረዋል?

ከአራቱ ሁለተኛው ጥብቅ ሕግ አለው። የሚሠሩት ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚጠየቀው ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። እውነት ነው፤ ነገር ግን ጌጥ የሚሆነው እያንዳንዱ የራሱን ሎሚ ሲያውቅ ነው። አንዷ ሎሚ መሬት ላይ ብትቀር ሃምሳውም «የእገሌ መስላኝ» ይላል።

ወደ ቦቴው እንመለስ። የሚሠራው፣ ማለትም ደውሎ የሚያዝዘው የግዢ ሠራተኛው ይሁን። የሚጠየቅበት ፎርማኑ ይሁን፤ ውሃ ከሌለ ሥራው የሚቆመው በእሱ እጅ ላይ ነውና። የሚማከሩት ደንበኛዋ ናቸው፤ ፈረቃውን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። የሚነገረው ሂሳብ ክፍሉ ነው፤ የቦቴው ክፍያ ከየት እንደሚወጣ እንዲያውቅ። እንግዲህ ፎርማኑ ዓርብ ከሰዓት በኋላ «ቦቴው ስንት ሰዓት ይደርሳል?» ብሎ ሳይጠይቅ ሳሩ ከችግኝ ጣቢያ አይነሣም። ካርታው ላይ አንድ አልማዝ ጨመርን ማለት ነው፤ ውሃ ተረጋግጧል? «አይ» ከሆነ አይሱዙው አይጫንም።

ስለ አልማዝ ካነሣን አይቀር፣ ካርታችሁን ስትጨርሱ አልማዞቹ ሁሉ የት ረድፍ ላይ እንደተከማቹ እዩ። በብዙ ትንንሽ ድርጅቶች ሁሉም አልማዝ ወደ ባለቤቱ ስልክ ይሄዳል። ደንበኛ ትንሽ ዋጋ ይቀነስልኝ ሲል፣ «ጋሼን ልጠይቅ»። አንድ ዓይነት አበባ ጠፍቶ በሌላ ይተካ ሲባል፣ «ጋሼን ልጠይቅ»። ጋሼ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ጋሼ ለቅሶ ሄደዋል። ሥራው ቆመ። መፍትሔው ጋሼን ማስወጣት አይደለም፤ ገደብ ማበጀት ነው። እስከዚህ መጠን ቅናሽ ሽያጭ ትወስን፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ለባለቤቱ ይቅረብ። በዋጋም በመልክም ተመሳሳይ በሆነ ተክል ፎርማኑ ደንበኛውን አስፈቅዶ ይተካ፤ የተለየ ከሆነ የንድፍ ባለሙያው ይጠየቅ።

አሁን ከባዱን ልንገራችሁ። ይህን ካርታ ስትሥሉ መጀመሪያ የሚሣለው መሆን ያለበት ሳይሆን አሁን ያለው ነው። ሥራ አስኪያጅ ቢሮው ውስጥ ብቻውን ቁጭ ብሎ ከሣለው የሚወጣው ምኞቱ ነው። የችግኝ ጣቢያውን ጥበቃ ጠይቁት፤ ማታ በስንት ሰዓት «ቶሎ ጫን» እየተባለ እንደሚቀሰቀስ እሱ ያውቃል። ፎርማኑን ጠይቁት፤ በንድፉ ላይ ያልተጻፈውን ምን ያህል ጊዜ በግምት እንደሚሠራ ይነግራችኋል። የሂሳብ ሠራተኛዋን ጠይቋት፤ ቀብድ መግባቱን ከማን እንደምትሰማ። እያንዳንዱ መልስ ላይ «ከዚያስ?» በሉ። አንድ ሥራ በሁለት ሰዎች ሁለት ዓይነት ከተነገራችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ቀይ ቀስት አገኛችሁ።

ከመካከላችሁ ፈገግ ያላችሁ አትጠፉም። በ1990ዎቹ መጨረሻ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ቢፒአር የሚባለው የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ሲመጣ የሥራ ሂደት ሥዕል ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ያየ ሰው ብዙ ነው። ከሥዕሉ ሥር ተሰልፎ «ነገ ተመለስ» የተባለም አይጠፋም። ሥዕል ብቻውን ሥራ አያቀላጥፍም። ካርታው የሚኖረው አንድ ነገር ሲበላሽ «ማን አጠፋ?» ከማለት በፊት ካርታውን ዘርግቶ «የትኛው ቀስት ላይ ነው የወደቀው?» የሚል ሰው ሲኖር ነው። ጥፋተኛ ፍለጋ የተጀመረ ዕለት ሁሉም «ነግሬው ነበር» ብሎ ይወጣል። ቀስት ፍለጋ የተጀመረ ዕለት ግን ሰው ያየውን ይናገራል።

ደግሞም የካርታው መጨረሻ የት እንደሆነ ተጠንቀቁ። ብዙ ድርጅት የመጨረሻውን ክብ የሚያኖረው ደረሰኝ ሲቆረጥ ነው። ሳር ግን ከክፍያ በኋላም ይደርቃል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ማን ያጠጣል? ደንበኛዋ ከሆኑ፣ በቀን ስንት ጊዜና ምን ያህል እንደሆነ ማን አሳያቸው? የደረቀ ችግኝ ቢኖር ማን ይተካል፣ እስከ ስንት ቀን? ይህ በርክክቡ ወረቀት ላይ ካልተጻፈ፣ እናትየው ከሰርጉ ማግስት ቢጫ መሬት እያዩ ለጎረቤት የሚነግሩት የድርጅቱን ስም ነው።

አድማጮቻችን፣ የቤት ሥራ አለባችሁ። የግቢ ማስዋብ ሥራ ላይ ያላችሁ በቅርቡ ያጠናቀቃችሁትን አንድ ትእዛዝ ውሰዱ። በሌላ ሥራ ላይ ያላችሁም፣ የእንጨት ሥራ ይሁን፣ የልብስ ስፌት፣ የድግስ ምግብ ዝግጅት፣ ያው ነው። ትእዛዙን ከመጀመሪያው ስልክ እስከ መጨረሻው ደረሰኝ በስድስት ረድፍ ሣሉት። መስመር የሚሻገሩትን ቀስቶች በቀይ አክብቡና ቁጠሩ። በእያንዳንዱ ላይ ምን እንደሚተላለፍ፣ እስከ መቼ እንደሆነና ተቀባዩ «ተረክቤያለሁ» የሚልበትን መንገድ ጻፉ። መጻፍ ያቃታችሁ ቀስት ካለ የሚቀጥለው ደንበኛ የሚያኮርፈው እዚያ ላይ ነውና ነገ ጠዋት በእሱ ጀምሩ።

 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)